በመንገድ ላይ የተነገረ መርዶ

አቶ አባይነህ ጊዮርጊስን ተሳልመው ወደ ፒያሳ ሲወርዱ፣ የቀድሞ ጎረቤታቸውን ልጅ እየሩስን ከታክሲ ስትወርድ አገኟት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። የዶሮ ማነቂያ ዕድር ዳኛ ናቸውና ከቀብር የቀረ ሰው ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

«አንቺ ልጅ፣ አታፍሪም? እማማ ለተክርስቶስ በጉያቸው አሳድገውሽ፣ አፈር ሲለብሱ ብቅ አትዪም?»

የልጅቷ ቦርሳ ከትከሻዋ ወደቀ። «እማማ... ሞቱ?»

አቶ አባይነህ የሠሩት ሥራ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በዘዴ እንደሚነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይኸው እሳቸው ራሳቸው በመንገድ ላይ፣ በቁጣ፣ በሰው ፊት አረዷት። ደግፈው ካፌ በረንዳ ላይ አስቀመጧትና ውሃ አስመጡላት። እየሩስ አልቅሳ ሲወጣላት ተነሣችባቸው፤ ደግ አደረገች።

«ማን ነገረኝ ጋሼ? ማን?»

«የዕድሩ ለፋፊ ተስፋማርያም ጡሩምባ ነፍቷል። እንደ ደንቡ ሰፈሩን ዞሮ ነው የነፋው።»

«የቱን ሰፈር? ሰፈሩ ፈርሶ እኛ ከተነሣን ስንት ጊዜ ሆነን! እኔ የካ አባዶ፣ አብራኝ ያደገችው አዳነች ኮዬ ፈጬ። የተነፋው ለቆርቆሮ አጥር ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ቀብር አይወጣም!»

አቶ አባይነህ የቀብሩ ቀን ትዝ አላቸው። የእማማን አስከሬን የተሸከሙት ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እሳቸውም ትንፋሽ አጥሯቸው፣ «ያሳደጓቸው ልጆች ከዷቸው» እያሉ ወጣቱን ሲረግሙ ነው የተመለሱት።

«እና ምን ይደረግ ነው የምትዪው?»

«የዕድሩን ገጽ እንክፈት። ቤቴ ኢንተርኔት ሳስገባ ድርጅቱ ከመስመሩ ጋር በነፃ የሰጠኝ የድረ ገጽ ቦታ አለ። የራሴን ሥዕሎች አሳይበታለሁ፤ የተረፈው ባዶውን ነው። ለዕድሩ ይሁን።»

«ልጆቹ ቴሌግራም አላቸው አይደል እንዴ?»

«እዚያማ የጠዋት ሰላምታና ቀልድ ሲከመርበት ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ገጽ ግን ቦታውን አይለቅም። አድራሻውን የያዘ ሁሉ፣ አገር ቢቀይር እንኳ፣ እዚያው ያገኘዋል።»

አዛውንቱ ይህን ጊዜ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ስሚኝ ልጄ! ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ደግፎ የሚይዘው ሳይኖር፣ የእናቱን ሞት ከስልክ ያንብብ? ሥልጣኔ ይሄ ከሆነ ይቅርብኝ!»

«እኔስ ዛሬ እንዴት ሰማሁ ጋሼ?»

ልማድ ጠበቅን እያልን የምንታበይ ሁላችን እንዲሁ ነን፤ ጡሩምባውን አንግበን ሰሚውን ጥለነዋል። ይባስ ብለን ያልሰማውን እንቆጣለን! ቢያናድድም እውነት ነው።

«እንግዲያው» አሉ አቶ አባይነህ፣ «መርዶው በሰው አፍ ይሁን። በየሄዳችሁበት ሰፈር አንድ መርዶ ነጋሪ ይመረጥ፤ ገጹ ላይ ስሙና ስልኩ ይኑር። የሟች ስም የሚወጣው ዘመድ ከተረዳ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑና ሰዓቱም አብሮ ይጻፍ።»

«እሺ ጋሼ። እርስዎ እንዳሉ።»

ብዙም ሳይቆይ አቶ ወልደሥላሴ የሚባሉ ዕድርተኛ አረፉ። ተስፋማርያም እንደ ልማዱ ነፋ፤ ማን ይከለክለዋል? ገጹን ያየው ደግሞ ከየካ አባዶም ከኮዬ ፈጬም ከአስከሬኑ ቀድሞ ደረሰ። ተለያይተው የነበሩ ጎረቤቶች አንገት ላንገት ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ወጣቶቹ አስከሬኑን ተሸከሙ፤ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ብቻ ይዘው ተከተሉ። ለአንድ ባዶ ገጽ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ገጹን ዛሬም የሚከፍት ሰው ከሁሉ በላይ የእማማ ለተክርስቶስን ስም ያገኛል። ከስሙ ሥር ያለውን አቶ አባይነህ ራሳቸው ናቸው ያስጻፉት፤ እየሩስ ይቅር ብትላቸውም አይነካ ብለዋል፦ «ልጆቻቸው አልከዷቸውም። እኛ ነን ያልነገርናቸው።»