ተቀባዩ ያልተገኘ ደብዳቤ

(ደሴ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ደብዳቤ አመላላሹ ጋሽ ደርበው የቢሮዎቹን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥን፣ ስዊቹ፣ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ኪሳቸው ከተው በሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ የኔትወርክ ባለሙያዋ ወይንሸት ከፊታቸው ቆማለች።)

ወይንሸት፦ ጋሽ ደርበው፣ ቁልፉን ይስጡኝ ስል ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

ጋሽ ደርበው፦ ምን ያስቸኩልሻል? ኔትወርኩ ከጠፋ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚፈልገው እኔን ነው። የሂሳብ ኃላፊው ራሱ "ደርቤ" ብሎ ጠራኝ። ስንት ዓመቱ።

ወይንሸት፦ ሥራ አስኪያጁ እስከ አራት ሰዓት ካላስተካከልሽ ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ ብለውኛል።

ጋሽ ደርበው፦ የሚያደርሰው እኔ አይደለሁ? አጣኋት እላለኋ። የራሴንም እንደዚያው አድርጌዋለሁ።

ወይንሸት፦ የምን የራስዎን?

ጋሽ ደርበው፦ ወደ መጋዘን ተዛውረሃል የሚለውን። የሰው ኃይል ኃላፊዋ አድርስ ብላ ለእኔው ሰጠችኝ። "ተቀባዩ በቦታው አልተገኘም" ብዬ ሁለቴ መለስኩላት። ዛሬ ጠዋት በኢሜይል ለሁሉም ክፍል እልከዋለሁ ብላ ስትዝት፣ እሰይ፣ ኔትወርኩ የለም።

ወይንሸት፦ ለካ ቁልፉን የደበቁት ለዚህ ነው።

ጋሽ ደርበው፦ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ዞሬ አሁን መጋዘን ገብቼ አይጥ ልጠብቅ? እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ ሳጥን ማን የት እንደሚቀመጥ በምን ያውቃል?

ወይንሸት፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ቁጥር አለው፣ ማክ አድራሻ ይሉታል። መልእክት ሲልክ ስዊቹ ላኪው በየትኛው ቀዳዳ እንደመጣ አይቶ ይመዘግባል። ለእሱ የመጣውን ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ይሰድለታል።

ጋሽ ደርበው፦ የማያውቀው ከሆነስ?

ወይንሸት፦ ለሁሉም ይበትነዋል። ባለቤቱ ሲመልስ ያኔ ያውቀዋል።

ጋሽ ደርበው፦ ለሁሉም? እኔ የአቶ ጥጋቡን የፍርድ ቤት መጥሪያ ተሳስቼ አንድ ቢሮ ባሳይ ዓመት ሙሉ አኮረፈኝ እኮ።

ወይንሸት፦ አምስት ደቂቃ ዝም ያለውን ደግሞ ከመዝገቡ ያወጣዋል።

ጋሽ ደርበው፦ አምስት ደቂቃ። እኔ ወይዘሮ አሰገደች ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የትኛው መስኮት ሥር ይቀመጡ እንደነበር ዛሬም አልረሳሁ። ይሄ ነው እኔን የሚተካኝ?

ወይንሸት፦ ዛሬስ እሱም ግራ ገብቶታል። አንዱ ሰው አንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳ ላይ ሰክቶ መሆን አለበት። መልእክቱ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል፤ ስዊቹ ያንኑ ኮምፒውተር አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ያየዋል። ሲጽፍ ሲሰርዝ ሥራውን ተወው።

ጋሽ ደርበው፦ ሁለቱንም ጫፍ?

ወይንሸት፦ ሁለቱንም።

ጋሽ ደርበው፦ አንደኛው ጫፍ መሬት ላይ ተጋድሞ ሰው እየጠለፈ የነበረ ከሆነስ?

ወይንሸት፦ ጋሽ ደርበው።

ጋሽ ደርበው፦ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሳስተካክል ነው። ቀዳዳው ባዶ፣ ገመዱ ሥራ ፈት። ለንጽሕና ብዬ እኮ ነው ልጄ፣ ማርያምን።

ወይንሸት፦ በእርስዎ ንጽሕና እኔ ከሥራ ልባረር ነበር።

ጋሽ ደርበው፦ ይኸው ቁልፉ። ገመዱንም ሄጄ እነቅለዋለሁ። መጋዘኑንስ እችለዋለሁ፤ ደብዳቤው ያ ሁሉ ሰው ፊት በኢሜይል መበተኑ ነው የከፋኝ።

ወይንሸት፦ ቆይ፣ ይቀመጡ። የትኛው ቀዳዳ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቷል። እርስዎ ያውቁታል?

ጋሽ ደርበው፦ ገመዱ ሲዘረጋ መሰላል የያዝኩ እኔ ነኝ። ስድስትና አሥራ አራት አዳራሹ፣ ሦስት ሥራ አስኪያጁ፣ አሥራ አንድ ሂሳብ ክፍል።

ወይንሸት፦ የሰው ኃይል ኃላፊዋስ?

ጋሽ ደርበው፦ ዘጠኝ።

ወይንሸት፦ እንግዲያው ሁሉም ይሠራል፣ ዘጠኝ ቁጥር ግን ለምርመራ ተዘግቶ ይቆያል። እኔ እርስዎን ወደ ክፍሌ እንዲመድቡልኝ ለሥራ አስኪያጁ ጽፌ መልስ እስካገኝ ድረስ ምርመራው አያልቅም።

ጋሽ ደርበው፦ እስከዚያ የምትልከው ደብዳቤ ቢኖርስ?

ወይንሸት፦ እንደ ድሮው በሰው ትላክ።

ጋሽ ደርበው፦ አደርስላታለሁ እንጂ። ተቀባዩን ካገኘሁት።