ቅናቱን ለባለጉዳይ የተናገረው ዳኛ

ቀኛዝማች ባዘዘው ለጣሊያን አልገባም ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ከርስታቸው ተቀመጡ። በሦስተኛው ዓመት ግን በቅሏቸውን አስጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ አመሩ፤ ጣሊያን የዳኝነት ሹመት ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል። ከቤታቸው ያስወጣቸው ሹመቱ አልነበረም፤ ቅናት ነው። ድሮ ጸሐፊያቸው የነበረው ፍሥሐ፣ ያ ከቅኔ ቤት የወጣ ወጣት፣ አርበኞች በያዙት አገር ከዋርካ ሥር ተቀምጦ ይዳኛል። የእርሳቸው ደጅ ጭር ሲል የእርሱ ዋርካ በሰው ይሞላል። ይህን ባሰቡ ቁጥር እህል አልወርድ ይላቸዋል።

ጨሞጋ ወንዝ ሲደርሱ እርሱኑ አገኙት፤ አብሮት ፈንታ የሚባል ገበሬ ነበር።

ፍሥሐ እጅ ነስቶ፣ «ወደ ቤትዎ ስንመጣ ነበር፣ ጌታዬ» አለ። «ፈንታ ወሰኔን ገፍተህ አረስህ ብሎ ከሶኛል። በራሴ ነገር ልዳኝ አልችልም፤ እርስዎ ይዳኙን።»

የቀኛዝማች ልብ ጮቤ ረገጠ። ይኸው፣ ተፎካካሪያቸው በእጃቸው ገባላቸው!

«አስቀድመው ግን» አለ ፍሥሐ፣ «በእኔ ላይ ቅሬታ ካለዎ ለፈንታ ይንገሩት። ከዋርካው ሥር እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።»

«ዳኛ ሆዱን ለባለጉዳይ ከከፈተ ማን ያፍረዋል?»

«ባለጉዳይ የዳኛን ሆድ ሳይነገረውም ያውቀዋል፣ ጌታዬ። የተደበቀ እንደሆነ ግን ፍርዱን ሁሉ ይጠረጥራል። ለንስሐ አባትዎ የሚናገሩትን ለፈንታ ቢነግሩት ምን ያሳፍራል?»

«እግዚአብሔር አይስቅብኝም።»

«እኛም አንስቅብዎትም።»

ቀኛዝማች ሃያ ዓመት ዳኛና የገዢ አማካሪ ሆነው፣ በሚጎዳን ጊዜ ካልያዝነው ሕግ ሕግ አይደለም እያሉ ሹማምንቱን ሲመክሩ ኖረዋል። ያን ቃል የጻፈላቸውም ይኸው ፍሥሐ ነው። አፈሩ።

«ስማኝ ፈንታ» አሉ ከበቅሏቸው ወርደው። «በዚህ ልጅ እቀናለሁ። ወንበሬን የወሰደብኝ ይመስለኛል። ዛሬም ወደ ጣሊያን የምሄደው ከእርሱ ልበልጥ ብዬ ነው። ይህን ሰምተህ ዳኙኝ ካልህ እዳኛለሁ።»

ፈንታ ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ፣ «ለእኔማ ይሻለኛል» አለ። ፍሥሐም ተቀበለ።

ማሳው ከወንዙ ማዶ ነበር። ቀኛዝማች ሣሩን በከዘራቸው እየገለጡ የወሰኑን ድንጋይ ፈለጉ፤ ከቦታው ተነቅሎ ባገኙት ደስ ባላቸው። ድንጋዩ ግን ሽበት የመሰለ ሻጋታውን እንደለበሰ እዚያው ነው፣ ማረሻ አላለፈውም። ደጋግመው አዩት።

«ፍሥሐ ረትቷል» አሉ፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ መረራቸው።

ፈንታ ራሱን አከከ። «ሌላ ዳኛ ቢሆን ይግባኝ እል ነበር። በእርሱ የሚቀኑት እርስዎ ረትቷል ካሉ ግን ምን ቀረኝ? ተቀብያለሁ» ብሎ ፍሥሐን ጨበጠው።

ቀኛዝማች በሃያ ዓመት ዳኝነታቸው የተረታ ሰው የረታውን ሲጨብጥ አይተው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ዳኛ ሁሉ አስቀድሞ ሆዱን መናገር ልማድ ሆነ፤ ቂም ይዞ የሚሸፍት ቀነሰ፣ ጣሊያንም አጣልቶ የሚገዛው ጎረቤት አጣ።

ያን ዕለት ቀኛዝማች በቅሏቸውን ወደመጡበት መለሱና ፍሥሐን ጠየቁት። «ከዋርካህ ሥር ለአንድ ሽማግሌ ቦታ አለ?»

«ሞልቶ፣ ጌታዬ። ቅናቱስ ለቀቅ አደረገዎ?»

«ኧረ የት አባቱ ይለቀኛል! ነገ ለባለጉዳዮቹ እነግራቸዋለሁ።»