የልብስ ሰፊዋ ቁጣ

ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ሲሰጧት የቀኝ ብብቱ ስፌት ተተርትሮ ወገቡ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ልብስ ሰፊዋ ገልብጣ አየችውና ሳቀች።

"ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው እንዲህ ብብት የሚያስቀድድ?"

"የኦርኬስትራ መሪ ነኝ ልጄ። ሥራዬ እጅ ማወናጨፍ ነው" አሉ እሳቸውም እየሳቁ።

የእሷ ሳቅ ግን ወዲያው ጠፋ። በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ እያወጣች ስፒል መስኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ሰውየውን በመልክ አታውቃቸውም፤ ፊርማቸውን ግን ታውቀዋለች። ወንድሟ ዓይነ ስውር ስለሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ከኦርኬስትራው መሪ የመጣለትን ደብዳቤ ጮክ ብላ ያነበበችለት እሷ ነበረች። "የሥራው ጠባይ ስለማይፈቅድ ለፈተና ልንጠራዎ አልቻልንም" ይላል።

"ከቫዮሊን ገዘፍ የምትለዋን፣ ቪዮላ የሚሏትን የሚጫወተውን ልጅ ሳይሰሙት የመለሱት እርስዎ ነዎት?"

"ታውቂዋለሽ?"

"ወንድሜ ነው።"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ ለእሷ በቀለላት ነበር።

"እየውልሽ ልጄ፣ ኦርኬስትራ ማለት ስልሳ ሰው አንድ በትር እያየ የሚሠራው ሥራ ነው። የማያይ ሰው ከሌላው እኩል እንዴት ይገባል? ኖታውንስ በምን ያነባል? አዝኜ ባስገባውና ሕዝብ ፊት ቢዋረድስ?"

"ውርደቱንማ በፖስታ ልከውለታል!" አለች፤ ድምፅዋ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ተሰማ። "ኖታውን እኔ አነብለታለሁ። 'ዶ'ን ከ'ሬ' ድምፅ የማልለይ ሰው ለእሱ ስል ተምሬያለሁ። ልብስ እየተኮስኩ አነባለሁ፣ እሱ ይይዛል። አንዴ ከያዘ አይለቅም። በትሩን በተመለከተ ግን እኔም ልጠይቅዎ። ሰዎችዎ ሁልጊዜ እርስዎን ያያሉ? እውነቱን ይንገሩኝ።"



"አያዩም" አሉ ሽማግሌው። "ብዙውን ጊዜ ዓይናቸው ኖታው ላይ ነው። አብረው የሚገቡት በጎረቤታቸው ትንፋሽ ነው።"

"ታዲያ ወንድሜ ትንፋሽ አይሰማም?"

"ልማዳችን ግን..."

"ልማዳችሁንማ ሰምቻለሁ! ኮንትራባስ የሚሉት ግዙፍ መሣሪያ ለሴት ይከብዳል ትላላችሁ። ከአንዱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያልወጣውን አትሰሙትም። በሩን ቆልፋችሁ ስታበቁ፣ 'የሚችል ሰው ጠፋ' ብላችሁ ታለቅሳላችሁ!"

ሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በለሰለሰ ቃል በር የሚዘጋና በሻከረ ቃል በር የሚያንኳኳ እኩል አይወቀሱም። ሽማግሌውም ይህ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ኮታቸውን ነጥቀው አልወጡም።

"ኖታውን ዛሬውኑ እልክልሻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ልምምድ አለን፤ ይምጣ" አሉ። "ካልቻለ ግን እንዳትቀየሚኝ።"

"ተሰምቶ ካልቻለ አልቀየምም። ያስቀየመኝ አለመሰማቱ ነው።"

ሐሙስ ጠዋት ወንድሟ ከቪዮላዎቹ መጨረሻ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴት፣ "ከመግባታችን በፊት ትንፋሼን ጎላ አድርጌ እስባለሁ" አለችው። እህቱ ባዶው የተመልካች ወንበር ላይ ሆና እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀበረች።

የመጀመሪያው ክፍል በወንድሟ በኩል እንከን ሳይገኝበት አለቀ። ሁለተኛው መሃል ላይ ወንድሟ ከሌሎቹ ቀድሞ ገባ። ሽማግሌው በትራቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይኸው" አሉ በሐዘን። "የፈራሁት ይህንን ነበር። አላየኝም።"

እህቱ ብድግ አለች።

"ጋሼ! ቅድም ያ ትራምፔት ነፊ ሁለት ጊዜ ቀድሞ ሲገባ 'እንደገና' ብለው አለፉት። የእሱ ስህተት ከየት መጣ? ከዓይኑ ነው? እሱ ሲሳሳት ሰው ተሳሳተ፤ ወንድሜ ሲሳሳት ዓይኑ ተሳሳተ! ለመቀጠር መልአክ መሆን አለበት?"

"ሦስት ጊዜ ነው የተሳሳትኩት" አለ ትራምፔት ነፊው አንገቱን ደፍቶ።

"እትዬ፣ ተቀመጪ" አለ ወንድሟ። ፊቱ በንዴት ቀልቷል። "ጋሼ፣ ምሕረት አልፈልግም። ቸኩያለሁ፤ ጥፋቴ ነው። ለሌላው ሰው የሚሉትን ለእኔም ይበሉኝ።"

ሽማግሌው በትሩን አነሱ።

"እንደገና" አሉ።

በሳምንቱ ወንድሟን ቀጠሩት፤ ለኦርኬስትራው ኮሚቴም እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦ "ሃያ ዓመት ሙሉ በጆሮዬ እፈርዳለሁ ስል የኖርኩት በዓይኔ ስፈርድ ነው።" ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ተፈታኝ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይጫወታል፤ ኖታም ከፈተናው ከወር በፊት ይላክለታል። ዓመት ሳይሞላ ኮንትራባሱን ሴት ያዘችው፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ የፋብሪካ ሠራተኛ ክላርኔት ነፊዎቹ መሃል ተቀመጠ። ትንፋሽ መስማት የለመዱት ቪዮላዎች ከበፊቱ ይልቅ አንድ ላይ ይገቡ ጀመር። ባዶ የነበረው የተመልካች ወንበርም ዘመዱ ሲጫወት ሊሰማ በመጣ ሰው ሞላ። ለሁሉም የተከፈተ ቤት የሚጠቅመው የገባውን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ነው።

ሽማግሌው ሊያመሰግኗት ሱቋ ድረስ ቢመጡ ግን ፊቷ አልተፈታም።

"ከወንድሜ በፊት ያንን ደብዳቤ የላኩላቸውስ?"

ሽማግሌው ተመልሰው የድሮውን መዝገብ አገላብጠው፣ ሳይሰሙ ለመለሷቸው አሥራ አንድ ሰዎች በእጃቸው ይቅርታ ጽፈው ለፈተና ጠሯቸው። አራቱ መጡ። ሰባቱ ሙዚቃን እርግፍ አድርገው ትተው፣ ጣታቸው ሌላ ሥራ ለምዶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የእነዚያ የሰባቱ ነገር በተነሳ ቁጥር እስከ ዛሬ ትቆጣለች። ትቆጣ።