ገዋን ለዘጠነኛ ክፍል

እትዬ ሸዋረገጥ! ይግቡ ይግቡ፣ ዝናቡ ላይ አይቁሙ። ጃንጥላውን እዚያ ጥግ ያስደግፉት፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ምንም አይሆንም። ኤጋ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? አልሃምዱሊላህ። የሰኔ ዝናብ መቼም የጅማን መርካቶ ሳያጥብ አይለቅም። ባጃጁ እስከ በሬ አመጣዎት ወይስ ማዶ ላይ ጣለዎት? ...አይ፣ ዘንድሮ ባጃጅም ተለማምጠው ነው የሚሳፈሩት።

ቀሚስዎ ደርሷል፤ ጠርዙን መቀምቀም ብቻ ነው የቀረኝ። እዚህ ይቀመጡ... እሱ ላይ እንኳን እንግዳ አለ፣ በዚህ በኩል ይምጡ። ጋሼን ያውቋቸው የለ? ልጅዎ መቅዲም እኮ ሀሁን የቆጠረችው እሳቸው ትምህርት ቤት ነው። ነገ ዘጠነኛ ክፍሎችን ያስመርቃሉ፤ ገዋናቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለሌለ የከሰሉን ካውያ አቀጣጥያለሁ። እስኪግል ይጠብቁናል። በዚህ ዝናብስ ወዴት ይሄዳሉ? ማሎ ጋሼ፣ ደገፍ ይበሉ፣ ቤትዎ ነው።

ይንኩት እስቲ እትዬ፣ ጨርቁን። በሦስት ሳምንት አርባ አንድ ገዋን ሰፋሁ። አርባው የተማሪዎቹ ነው፣ ይሄ ትልቁ የጋሼ። እጅጌው ሰፋ እንዲል፣ ደረቱ ላይ ሦስት መስመር ወርቃማ ጥብጣብ እንዲገባበት ነው ያዘዙኝ። ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚያስተምር አንድ ዶክተር ባለፈው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ አየውና "የማነው?" አለኝ። ነገርኩት። ሱሪውን ለካና ሄደ። ቀንቶ ይሆናል።

ምረቃ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ላጫውትዎ። ጅማ አይደለም፣ አላህ ጅማን ይጠብቅልን። አጋሮ ነው። አጋሮ አንድ የግል ትምህርት ቤት አለ አሉ፤ ባለቤቱም ልክ እንደ ጋሼ የተከበሩ ሰው ናቸው። የነገረችኝ አንዲት ዘመዴ ናት፣ ልጇ እዚያ ነው የምትማረው። ጋሼም ይስሙት፤ የሙያ ባልደረባዎ ስለሆኑ ይጠቅምዎት ይሆናል።

ሰውየው ሊቅ ናቸው፣ ይህን ማንም አይክድም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኬጂ እስከ ስምንተኛ አስተማሩ። ልጆቹ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ፣ ያልፋሉ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳሉ። ከተማው አመሰገናቸው፤ ዘመዴም ምርቃት አልሳሳችባቸውም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እሳቸው ግን መጽሐፍ አላጠቡም፣ ኧረ ምን በወጣቸው... አንድ ክፍል ጨመሩ እንጂ። ዘጠነኛን። አስረኛ የለም፣ አስራ አንደኛ የለም፣ ዘጠነኛ ብቻ። አገር ሁሉ ዘጠነኛ የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ነው ሲል እሳቸው "መደምደሚያ ነው" አሉ። እርስዎ ቢሆኑ ያስቡት ነበር? እኔ በበኩሌ እጅጌ ጀምሬ "ኮቱ አለቀ" ለማለት አንድም ቀን ድፍረት አላገኘሁም።

ከዚያ ወላጅ ሰበሰቡ። ንግግራቸውን ዘመዴ እስካሁን በቃሏ ትወጣዋለች። "መንግሥት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ የሁሉ ታናሽ ነው፣ የአስራ ሁለተኛ ጎረምሳ ይገፋዋል። እኛ ዘንድ ግን ዘጠነኛ የሁሉ ታላቅ ነው። ኃላፊነት ይማራል፣ በራሱ ይተማመናል፣ የጀመረውን መጨረስ ይለምዳል።" ውሸት አለበት እትዬ? የለበትም። አጠገቡ ረጅም ያልቆመ ሰው ሁሉ ረጅም ነው። ዘመዴም አመነች። የልጇ ጓደኞች፣ እንደ እርስዎ መቅዲ ያሉት፣ ወደ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ሲሄዱ እሷ ልጇን እዚያው አስቀረቻት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ አይደል? የእሷስ ይባስ፤ ቆጡ ላይ ምንም እንዳልነበረ ያወቀችው የብብቷ ከወደቀ በኋላ ነው።

ጥቅሙማ መቼ ተወርቶ ያልቃል! ጠዋት ባንዲራ የሚሰቅሉ ዘጠነኞቹ ናቸው። ሰልፍ የሚያስይዙ እነሱ፣ ያረፈደ የሚመዘግቡ እነሱ። የላይብረሪው ቁልፍም እነሱ ጋ ነው፤ ላይብረሪው አንድ ቁምሳጥን ነው፣ ቢሆንም ቁልፍ አለው። ኬሚስትሪ አስተማሪው ጥር ላይ ጥሎ ሄደ፣ ምትክ አልመጣም። ታዲያ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ዘጠነኞቹ ወደ ኬጂ ወርደው ሕፃናት ይጠብቃሉ፣ የጫማ ክር ያስራሉ፣ ንፍጥ ይጠርጋሉ። ሰውየው ይሄን "የአመራር ሥልጠና" ይሉታል። ወላሂ እትዬ፣ ልጅቷን አሲድ ምንድን ነው ቢሏት አታውቅም፤ የሚያለቅስ ሕፃን ቢሰጧት ግን በሁለት ደቂቃ ታስተኛዋለች። ፊዚክሱን የስፖርት አስተማሪው ደርቦ ያዘው። እሱስ ደግ ልጅ ነው፣ የሚችለውን አድርጓል።

ምነው ጋሼ፣ ሞቀዎት? ከሰሉ ነው። መስኮቱን ልከፍትልዎ ነበር፣ ዝናቡ ገዋኑ ላይ ይገባል። ትንሽ ይታገሱኝ።

ብቻ... ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሎ የለ? የአጋሮው ሰውዬ መጠበቅ አይወዱም፤ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ጫማ አስገዙት። ምረቃ ተባለ፣ ገዋን ተባለ፣ ቆብ ተባለ። ልጆቹ ፎቶ ቤት ሄደው ቀድመው ተነሱ። የዘመዴ ልጅ ፎቶ ተስተካክሎ፣ በትልቁ ታጥቦ፣ ጎማ ወረዳ፣ ገጠር ያሉት አያቷ ጋ ደረሰ። አባቦራ ይባላሉ፤ የቡና ገበሬ ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም። ገዋን የሚያውቁት የጎረቤታቸው ልጅ ሐኪም ሲሆን ለብሶ ስላዩት ነው። ፎቶውን ይዘው አለቀሱ አሉ። መንደሩን ሰብስበው ዱዓ አስደረጉ። ከዚያ ስልክ ደወሉና "የትኛው ሆስፒታል መደቧት?" ብለው ጠየቁ።

አይስቁ እትዬ... ወይም ይሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። እኚህ ሽማግሌ እኮ ያልቀላ ቡና የለቀመ ልጅ ካዩ ዱላ ይዘው የሚያባርሩ ሰው ናቸው። "ጊዜውን ሳይጨርስ የተለቀመ ቡና አገር ያዋርዳል" እያሉ ነው ያሳደጉን። ያሳደጓቸው ማለቴ ነው... ዘመዶቼን። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ዘመዴ ምን ብላ ትመልስላቸው? "አባባ፣ ገና ነው" አለቻቸው። "ገና ከሆነ ለምን አለበሷት?" አሏት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አንዳንዴ የሚጠይቀው ጥያቄ ከባድ ነው።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ልጅ ገዋን ለብሳ ብትደሰት ምን ይጎዳል? ዘመዴም እንዲህ ብላ ነበር የተወችው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ቦታ ሳይሞላ አስረኛ ላስመዝግባት ብላ የልጇን ካርድ ይዛ ወደ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ሄደች። መዝጋቢው ካርዱን አየ... ገለበጠ... ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየ። "እናቴ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ፈቃድ እስከ ስምንተኛ ነው። የዘጠነኛ ፈቃድ የለውም። አስረኛ ልቀበላት አልችልም፤ ዘጠነኛን እንደ አዲስ ትመዝገብ" አላት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበርም ሰጣት። እዚያው ብዙ ተቀመጠች።

ከዚያ ሰውየው ቢሮ ሄደች። እንዴት በትህትና እንደተቀበሏት! "ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው" አሏት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ሰው እኮ ምስኪን ነው፣ ወተቱን እንዳላየ ያምናል። የአጋሮው ሰውዬ ግን ከሰማይ ላማቸው አልበው አርባ ልጅ "ጠጥታችኋል፣ አፋችሁን ጥረጉ" አሉ። አርባ ልጅ እትዬ! የሰው አንድ ዓመት እንደ ጨርቅ አይደለም፣ የተበላሸውን ፈትቶ መልሶ አይሰፋም። መስከረም ላይ የእርስዎ መቅዲ አስረኛ ስትገባ ፈድሊያ ደግሞ ተመልሳ... ልጅቷ ማለቴ ነው፣ የአጋሮዋ ልጅ፣ ዘጠነኛ በር ላይ ትቆማለች። ያ ይገፋታል የተባለው ጎረምሳም እዚያው ይጠብቃታል።

አስታግፊሩላህ... መርፌው ወጋኝ። ምንም አይደለም እትዬ፣ ቀሚስዎን አልነካም። መርፌ መቼም እኔን ቢወጋ ምን ይደንቃል፣ አብረን ነው የምንውለው።

ተናድጃለሁ። አዎ፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ አንጀቴ አሯል። ለዘመድ አይናደዱም እንዴ? ልጅቷ እስካሁን አልተነገራትም። ነገ በምረቃው ላይ ንግግር የምታደርገው እሷ ናት፤ ጽሑፉንም ሰውየው ናቸው አዘጋጅተው የሰጧት። "ዘጠነኛ ክፍል፣ የስኬቴ ማማ" ይላል። ትናንት መስታወት ፊት ቆማ፣ ትከሻዋ ላይ አንሶላ ጣል አድርጋ ስትለማመድ እናቷ በር ላይ ሆና ሰማቻት። ገብታ "ልጄ፣ ተይው" ልትላት አሰበች። አቃታት። ገዋኗን በገዛ እጇ ሰፍታላት እንዴት ብላ ትንገራት? ...ዘመዴም ልብስ ሰፊ ናት፣ አልነገርኩዎትም? በዘር የመጣ ነው።

ጋሼ፣ ተነሱ እንዴ? ኧረ ዝናቡ! እዚህ በር ላይ ጎርፉ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ገዋንዎ ገና ነው፣ አሁን ነው የምተኩሰው። ይቀመጡ አቦ። የአጋሮ ወሬ እኮ ነው፣ እኛን ምን ያስጨንቀናል?

ጅብ እንኳን በማያውቁት አገር ሄዶ ነው አሉ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው። የአጋሮው ሰውዬ ደፋር ናቸው፤ ተወልደው ባደጉበት፣ ሰው ሁሉ በሚያውቃቸው ከተማ ምንጣፍ አስነጠፉ። ነገ... ማለቴ ያኔ፣ በምረቃቸው ቀን፣ ምንጣፉ ላይ ሲራመዱ ማን ምን ይላቸዋል? ማንም። ሁላችንም እናጨበጭባለን። እኛም እኮ ጥፋተኛ ነን፤ ፈቃድ አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ወላጅ የለም። ሁላችን የጠየቅነው ገዋኑ ምን ዓይነት ቀለም ነው ብለን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነው እስካሁን ያልገባኝ፤ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት ያስረዱኛል። ሰውየው አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ከዘመዴ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ስምንተኛን አብረው ተፈተኑ። ያ ሁሉ የመደምደሚያ ንግግር በተደረገ በሳምንቱ ልጁን አወጡት። እስከ አስራ ሁለተኛ የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት አስገቡት። ዘንድሮ ዘጠነኛን ጨረሰ፣ ያለ ገዋን፣ ያለ ቆብ፣ እንዲሁ እንደ ማንም ልጅ። መስከረም ላይ አስረኛ ይገባል። ሱብሃነላህ! እንዲህ ያለ ደግነት አይተው ያውቃሉ እትዬ? ማማው፣ ታላቅነቱ፣ ቁልፉ፣ ያ ሁሉ ጥቅም... ለገዛ ልጃቸው ሳይሉ ሙልጭ አድርገው ለሰው ልጅ ሰጡት። ከልጁ አፍ ነጥቆ የጎረቤት ልጅ የሚያጎርስ አባት እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ኤጋ፣ ካውያው ግሏል። እጅጌውን እንዲህ... አንገቱን እንዲህ... ይኸው። ይሞክሩት ጋሼ። ትከሻው ልክ ነው፣ ደረቱም አምሮብዎታል፣ ጥብጣቡ ከሩቅ ይታያል። ዝናቡም አባራ፣ አልሃምዱሊላህ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን እትዬ፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ። ለዚያ ለአጋሮው ሰውዬ ዱዓ እናድርግላቸው፤ የሰው ልጅ ያስተማረን መርሳት ነውር ነው። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤታቸው ይሙላ፣ ደጃቸው ይጥበብ። የሌላ ትምህርት ቤት ደጅ ከመጥናት ያውጣቸው። ልጃቸውንም፣ የልጅ ልጆቻቸውንም፣ አንድ ሳያስቀር እዚያው እሳቸው ትምህርት ቤት፣ ከዘጠነኛ ክፍል፣ በገዛ እጃቸው አስመርቀው ለመሳም ያብቃቸው። አሚን።

...እርስዎ አሜን አሉ እትዬ፣ አላህ ያክብርልኝ። ጋሼ፣ እርስዎስ?