የቅርቡ ሆስፒታል

በናንትላስ ዝናብ ሲጀምር መቼ ያባራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። በዚያ ቅዳሜ ግን ዶፍ ነበርና ዳቦዬን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ ዘው አልኩ። አቶ ኢድዋል ፕሮበርት በላስቲክ የተጠቀለለ በራሪ ወረቀት ታቅፈው ለአላፊ አግዳሚው ሊያድሉ ቆመዋል። አላፊ አግዳሚ ግን አልነበረም።

«መምህር፣ አንድ ውሰድ» አሉኝ።

«ትናንት ሰጥተውኛል እኮ።»

«የትናንቱ ፎቶ የለውም። ይሄኛው የሜና ፎቶ አለበት።»

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ በዌልስ የከሰል ሸለቆ ያለችው ከተማችን ናንትላስ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል አላት። የአቶ ኢድዋል አባትና ጓደኞቻቸው ከሰል እየቆፈሩ፣ ከሳምንት ደመወዛቸው እያዋጡ ያሠሯት ናት፤ መንግሥት የተረከባት ኋላ፣ ለሁሉም ሰው ነጻ ሕክምና መስጠት ሲጀምር ነው። አሁን ደግሞ ያው መንግሥት የጤና አገልግሎቱን አሻሽላለሁ ብሎ ተነሥቷል። የሆስፒታላችን የድንገተኛ ክፍል ይዘጋል፤ ድንገት የታመመ ሁሉ ከተራራው ማዶ፣ ትልቁ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ይወሰዳል። አቶ ኢድዋል ይህን የሚቃወመው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። እኔ በነገሩ ሁለት ልብ ብሆንም ተቃውሞውን ፈርሜያለሁ። ፊርማ የሚያሰባስበው ሥጋ ሻጩ ግዊሊም ስለነበር፣ ያልፈረመ ሰው ጅማት ነበር የሚደርሰው።

ከከተማ የመጣው አውቶቡስ ቆመና ኔሪስ ወረደች። የአቶ ኢድዋል የወንድም ልጅ ናት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን በዚያ በትልቁ ሆስፒታል ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች የምታክም ሐኪም ሆናለች። አጎቷን ሳመች፣ እኔን ጨበጠችኝ፣ ከዚያ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ። ከወይዘሮ ሜና ፎቶ በላይ «ሆስፒታላችን ባለቤቴን አድኗታል» ይላል። ወይዘሮ ሜና ድሮ በጸሎት ቤታችን መዘምራን መካከል ድምፃቸው የታወቀ ነበር። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ሁሉን ይሰማሉ፣ አንዲት ቃል አይወጣቸውም።

«አጎቴ፣ የአክስቴን ፎቶ ከዚህ ላይ ያንሱት» አለች ኔሪስ።

«ምነው፣ አላማረባትም?»

«አምሮባታል። ግን ይነሣ።»

«አሃ፣ ገባኝ። ለመንግሥት ልትሰብኪኝ ነዋ የመጣሽው።»

«የመጣሁትስ ልብሴን ላጥብ ነው። መንግሥትን እኔም አላምነውም። የማዋለጃ ክፍሉን ሲዘጋ በምትኩ ክሊኒክ እሠራለሁ ያለው የት አለ? ቦታው ዛሬም ባዶ ነው።»

«ይኸው፣ ራስሽ አልሽው። ደግሞ ከመሸ አውቶቡስ የለም። መኪና የሌላት አሮጊት ባሏ ተራራ ማዶ ቢተኛ በምን ሄዳ ትጠይቀዋለች? ብቻውን ይሙት?»

«እውነትዎን ነው። ለዚህ መልስ የለኝም።»

ይህን ስትል ደስ አለኝ። የተማረ ሰው መልስ የለኝም ሲል የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። አቶ ኢድዋል ግን ያሸነፉ መሰላቸውና ገፉበት።

«መልስ ከሌለሽ ምን ቀረሽ? ሜና ያን ዕለት ኩባያው ከእጇ ወድቆ አፏ ሲጣመም፣ ‹ቅዳሜ ነው፣ ሰው አናስቸግር› ነው ያለችኝ፣ በዚያ በተኮላተፈ አንደበቷ። ምናልባት ይሻላታል ብዬ ሻይ አፈላሁላት። ባይሻላት ጊዜ አምቡላንስ እንኳ አልጠራሁም፤ አምቡላንስ የባሰበት ሰው ይፈልገዋል። በጎረቤት መኪና ይዣት በረርኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወደ ከተማ ቢሆን መንገድ ላይ ትሞትብኝ ነበር።»

እኛ እንዲህ ነን። እግሩ የተሰበረ ሰው ሐኪም ቤት ተሰልፎ ከኋላው ላለው ወረፋውን ይለቃል፤ ስላስቸገርኩ ይቅርታ ብሎም ይጨምራል። ጨዋነት እንለዋለን። እኔ ግን ይሄ ጨዋነት መቃብር ስንት ሰው እንዳስገባ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ኔሪስ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች።

«ተናገሪ እንጂ። ትሞት አልነበረም?»

«ልንገርዎ ወይስ ይቅር?»

«ከተናደ የከሰል ጉድጓድ ጓደኞቼን ያወጣሁ ሰው ነኝ። ተናገሪ።»

«አክስቴን የመታት ደም ረግቶ የአንጎሏን ሥር ዘግቶት ነው። የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። የሚሠራው ግን ሕመሙ በጀመረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጭንቅላቷ በመሣሪያ መታየት አለበት፤ ደም እየፈሰሳት ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ይገድላታል። እዚህ በናንትላስ ሆስፒታል ቅዳሜና እሑድ በመሣሪያው የሚሠራ ሰው የለም። መቼ ነው ያዩላት?»

«ሰኞ» አሉ አቶ ኢድዋል ቀስ ብለው። «ነርሶቹ ግን አጠገቧ ነው ያደሩት። እጇን ይዘው።»

«አውቃለሁ። ደግነታቸው ግን መሣሪያ አይሆንም፣ አጎቴ። ወዲያው አምቡላንስ ጠርተው በቀጥታ እኛ ጋ ቢያመጣት ሰዓቱ አያልፍም ነበር።»

«ትናገር ነበር?»

«መማል አልችልም። መድኃኒቱ የማይሠራለትም ብዙ ሰው አለ። እኛ ጋ ግን ዕድል ነበራት። እዚህ አልነበራትም።»

አቶ ኢድዋል አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«መቼ ነው ይሄን ያወቅሽው?»

«ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሥራ ስጀምር ገባኝ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ቤቴ ስትበዪ ስትጠጪ ዝም አልሽኝ።»

«ቢያውቁ ምን ይጠቅምዎታል ብዬ ነው።»

«ዛሬስ ምን ይጠቅመኛል?»

«እርስዎን አይጠቅምም። ነገ አንዱ ይሄን ወረቀት አንብቦ ሚስቱን ወደዚያው ይዞ ይሮጣል። የነገርኩዎ ለእሱ ብዬ ነው።»

ልጅቷን በልቤ ጨካኝ አልኳት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ ካደረገችው ሌላ ምን ልታደርግ ትችል እንደነበር ማግኘት አልቻልኩም። ሽማግሌው ቀና ሲሉ ጥያቄ ይዘው ነበር።

«አምቡላንሱ ከከተማ የሚመጣ ከሆነ እኮ መንገዱ ደርሶ መልስ ነው።»

«ልክ ነዎት። በዕቅዱ ላይ ያልተመለሰው እሱ ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አምቡላንሱን አምጥተው እዚህ ያቁሙ፣ ከዚያ ይዝጉ። ቀድመው ከዘጉማ እናውቃቸዋለን።»

ሐሙስ ምሽት ስለ ሆስፒታሉ ስብሰባ ተጠርቶ የሠራተኞች አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከመንግሥት የመጣው ሰውዬ ሲናገር ሕዝቡ መሬቱን በእግሩ እየደበደበ አላናግር አለው። አቶ ኢድዋል ሲነሡ ግን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ተጨበጨበላቸው። እሳቸውም ድንገተኛ ክፍሉ ይዘጋ አሉ። ሌት ተቀን የማይጠፋ አምቡላንስ ናንትላስ ውስጥ ይቁም፤ አልጋዎቹ አይነኩ፣ ማዶ የታከመ ሰው ለማገገም ወደ ሰፈሩ ይመለስ፤ የማታ አውቶቡስም ይኑር አሉ። በመጨረሻም፣ የታመመ ሰው ሻይ እየጠጣ አይጠብቅ፣ ይደውል፤ ማስቸገር አይደለም አሉ።

ከዚያ ግዊሊም ተነሣ።

«ስንት ከፈሉህ፣ ኢድዋል?»

«ሚስትህን ያዳነውን ሆስፒታል ነው የምትሸጠው?» አለ ሌላው ከኋላ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ዝም ታሰኛቸው ነበር። አልተናገሯትም። ወይዘሮ ሜና ፊት ረድፍ ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩዋቸው ነበር። አቶ ኢድዋል ቆባቸውን ደፉና ወንበሩን እየገፉ በስድቡ መሃል ወጡ። ሚስታቸውን ቤት አስገብተው ወደ በሩ ሲመለሱ ደርሼባቸው ለምን አልነገሯቸውም ብዬ ተቆጣሁ።

«ፈጥኜ እንዳደረስኳት ነው የምታውቀው» አሉኝ። «ይሄን አልቀማትም። አንተም ዝም በል።»

ኮሚቴው ሻራቸው። የድሮ ጓደኞቻቸው መንገድ ላይ ሲያዩአቸው ማዶ ይሻገሩ ጀመር። ያም ሆኖ መንግሥት ሐሳባቸውን ግማሹን ተቀበለ፤ አምቡላንሱ መጣ፣ አልጋዎቹ ቀሩልን፣ የማታው አውቶቡስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። በዓመቱ ግዊሊምን ሱቁ ውስጥ ስትሮክ መታው። ሠራተኛው ወዲያው ደወለ፣ አምቡላንሱ በቀጥታ ተራራውን አሻግሮ ወሰደው፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጠው። ጥቂት ሳምንት በእኛ አልጋዎች ላይ አገግሞ በእግሩ ቤቱ ገባ። ድሮ ቢሆን ይሞት ነበር፣ ወይም ዲዳ ይሆን ነበር። ለውጡ ምን ጠቀመ ለሚለኝ ሰው የማሳየው ግዊሊምን ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ አቶ ኢድዋል ቤት ሳለሁ ግዊሊም በር አንኳኳ። ቋሊማ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል፤ ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ከወይዘሮ ሜና ፊት ለፊት ተቀመጠና ጀመረ።

«ልክ እንዳንቺው ነው የመታኝ ሜና፣ ልክ እንዳንቺ። አፌ ተጣመመ፣ ቀኝ እጄ ከዳኝ። ወስደው ጭንቅላቴን አዩልኝና ክንዴ ላይ መድኃኒቱን ሰኩልኝ። ማታውን ሻይ ስጡኝ ብዬ ተናገርኩ!»

«ግዊሊም፣ ኬክ ውሰድ» አሉ አቶ ኢድዋል።

«ሰዓቱ ካለፈ ግን አይሆንም አሉኝ።»

ወይዘሮ ሜና የግዊሊምን አፍ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ባላቸው አዞሩ። አቶ ኢድዋል ሊሸሹ ሞከሩ፣ ዓይናቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፣ ግን ሚስታቸው አልለቀቋቸውም።

«አዎ፣ ሜና» አሉ በመጨረሻ። «እንደዚያ ነው።»

ወይዘሮ ሜና ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን እጅ ያዙ። ግዊሊም ምንም አልገባውም፤ ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ ማውራቱን ቀጠለ።