የፉሲ ብርቱካን አንገት

እኅቴ ፉሲ ከሞተች በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከወንድሜ ልጅ ከሲኒቫ ጋር ዓሣ ይዘን ስንመለስ ሆፖአቴን መንገድ ላይ አገኘነው። የእኅቴ ባል ነው። በዘንባባ ቅርጫት ነጭ አሸዋ ተሸክሟል።

«ለመቃብሩ ነው?» አልኩት።

«የመቃብሩን ትናንት ጨርሻለሁ። ይሄ ለብርቱካኗ ነው።»

ብርቱካኗን ፉሲ ናት ከፍሬ ያበቀለቻት። ከቀብሩ በኋላ ሆፖአቴ ከጓሮ ነቅሎ መስኮቱ ሥር ተከላት። እኛ የቫቫኡ ደሴት ሰዎች የምንወደውን ሰው መቃብር ነጭ አሸዋ እናለብሳለን፣ ዙሪያውን ጥቁር ጠጠር እንደረድራለን። እሱም ዛፏን እንዲሁ አደረጋት፤ አሸዋው እስከ ጉልበት ደርሷል። ጠዋትና ማታ ግንዷ ላይ ውሃ ያፈስሳል። ቅጠሏ ግን ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ነበር።

ሲኒቫ የእርሻ ትምህርት የተማረች ናት። ቤቱ እንደደረስን አሸዋውን በጣቷ ጫረችና አሸተተች። ከሥሩ የግንዱ ቅርፊት ጠቁሮ ሙጫ ያነባል።

«አጎቴ፣ ግንዷ መሬት የሚነካበት ቦታ እየበሰበሰ ነው። አሸዋው ይነሣ።»

«ይነሣ? ዓመት ሳይሞላት የሚስቱን አሸዋ ገፈፈ ይበሉኝ?»

«መቃብሯን ማን ነካው? ይቺ ዛፍ ናት።»

«ለኔ አንድ ናቸው። ትምህርት ቤት ሐዘንም ያስተምራሉ እንዴ?»

«ሐዘንን አክስቴ አስተምራኛለች። ትምህርት ቤት የላከችኝ ዛፍ ለምን እንደሚበሰብስ እንድማር ነው።»

ሆፖአቴ ሳይወድ ፈገግ አለ። «እና በውሃ ጥም ልግደላት?»

«ትጠጣ እንጂ! ግን በሥሯ ነው የምትጠጣው፣ በአንገቷ አይደለም። እርስዎ ቀን ከሌት እርጥብ ጨርቅ አንገትዎ ላይ ቢጠመጠም ምን ይሆናሉ?»

«ሳል ይጨርሰኛላ።»

«እሷንም እየጨረሳት ነው።»

ቅርጫቱን አስቀመጠና ተቀመጠ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ካላለበስኳት በምን አከብራታለሁ?»

ሲኒቫ አጠገቡ ተንበረከከች። «አክስቴን በሕይወት ሳለች አሸዋ አልብሰዋት ያውቃሉ?»

ሆፖአቴ እጁን ዘርግቶ የዛፏን ግንድ ዳሰሰ።

«እሷ እኮ አንገቷ ላይ ሙቀት አትችልም ነበር» አለ። «ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ ነበር የምትውለው።»

ከዚያ ማንም ሳያግዘው አሸዋውን በመዳፉ ይዝቅ ጀመር።

የላይኞቹ ሥሮች ብቅ እስኪሉ ገለጠ። መበስበሱ የግንዱን ዙሪያ ግማሽ ይዞት ነበር። «ዙሪያውን ቢከባት ኖሮ ምንም አናደርግላትም ነበር» አለች ሲኒቫ፤ የሞተውን ቅርፊት በቢላዋ እየፋቀች ጤነኛው ላይ ስትደርስ አቆመች። ቁስሉ ንፋስ እንዲያገኘው ክፍት ተዉት። የውሃውን ቦይ ከግንዱ አንድ ክንድ አርቀው ቆፈሩ። አሸዋውን ወደ መቃብሩ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የእኅቴ ድርሻ ነውና።

ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ችግኝ የሚያዛውር ሁሉ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት አያሳልፈውም፤ አፈርም ጉዝጓዝም ግንዱ ላይ አይከምርም። ብዙ ዛፍ ተርፎልናል። የፉሲ ብርቱካንም ዘንድሮ ዘጠኝ ፍሬ ይዛለች።

ሆፖአቴ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ አንገቷን ይዳስሳል። ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው፣ «እንደምን አደርሽ» ይላታል።