አባት ያጣች ጥይት

ይግቡ ይግቡ አቶ ገብረሥላሴ፤ እዚህ ነፋስ የሚገባበት ይቀመጡ። ዘንድሮስ ምን ዓይነት ሙቀት ነው? ጠዋት የቀዳሁት ውሃ ሳይጣድ ሊፈላ ምንም አልቀረው። ሊቶሪናዋም ዘገየች አሉ... የጣቢያ ሹም ሆነው ባቡር ሲጠብቁ ይገርመኛል፤ እኔ ብሆን ባቡሩ እኔን እንዲጠብቅ ነበር የማዘው። ሀምዳ! ለአቶ ገብረሥላሴ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ አምጪ። ማዶ ጠረጴዛ ላሉት እንግዳም ቢራቸው እንዳያልቅ እይላቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ስለተቀመጡ ብርጭቋቸው አይታየኝም።

ያቺ በእጅዎ ያለችው ፖስታ... ስለ ሐዲድ ሠራተኛው ስለ ቃሲም የጻፏት ደብዳቤ ናት? ዛሬ በሊቶሪናዋ ድሬዳዋ ወዳሉት አለቆችዎ ትሄዳለች ሲሉ ሰማሁ። የሥራ ሰዓቱን ትቶ አደን ወጣና ሳላ በቀንዱ ወጋው፣ የምትለዋ። እርስዎ ምን ያድርጉ፤ የነገሩዎትን ነው የሚጽፉት። ያልነገሩዎትን ከየት ያመጣሉ? ቃሲም ከሥራ ከወጣ ሚስቱ ሐዋ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከባቡር ድርጅቱ ቤት ትወጣለች፤ ይኼም ደንብ ነው። እኔ ምን አገባኝ? ምሳዎ እስኪቀርብ ስለ ጠመንጃ ላጫውትዎ።

ባሌ ጉግሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያችን ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ምንሽር ይዞ ሃያ ዓመት አደነ። ሰው ይስቅበት ነበር። «በዚህች ቀጭን ጥይት ሳላ ይወድቃል?» ይሉታል። እሱ ደግሞ «ሳላ የሚወድቀው በጥይቱ ውፍረት ሳይሆን ጥይቱ በገባበት ቦታ ነው» ይላቸዋል። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ሳንባው ላይ፤ ሌላ ቦታ አይተኩስም። የወታደር ጥይት አይወድም ነበር፤ ጫፉ ድፍን ስለሆነ እንደ መርፌ ወግቶ ያልፋል፣ እንስሳውም ቁስሉን ይዞ ይሄዳል ይል ነበር። ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነውን፣ ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚከፈተውን ነበር የሚፈልግ። ደግሞ አንድ ነገር ነበረችው፤ «ትከሻህ የፈራውን ጥይት ዓይንህ አያይልህም» የምትል። እንግዲህ ጉግሳ ድሃ ነበርና ልከኛውን መረጠ። ትልቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ትልቁን አይገዛም ነበር?

ትልቅ ሰው ስል አንድ የማውቃቸው ጌታ ትዝ አሉኝ። ስማቸውን ይተዉት፤ የጨዋ ሰው ስም በምሳ ሰዓት አይነሳም። ከጥጥ እርሻው ሰዎች አንዱ ናቸው፤ እርሻው ላይ ደግሞ ስንት ሰው አለ! እኚህ ጌታ አዲስ አበባ ሄደው የዝሆን ጠመንጃ ገዝተው መጡ። ጥይቷ የኔን አውራ ጣት ታህላለች። አዋሽ ዳር ዝሆን አለ እንዴ? የለም። ግን ምን ይታወቃል... አንድ ቀን የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት ቆርጦ በእርስዎ ባቡር ይመጣ ይሆናል። ሰው አርቆ ማሰብ አለበት።

ሲለማመዱስ አይተዋቸዋል? ከጥጡ መጋዘን ጀርባ፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ ትራስ። ዒላማ ያደረጓት ቆርቆሮ እንደቆመች ቀረች፤ ግመሎቹ ግን ገመዳቸውን በጥሰው እስከ አዋሽ አርባ ድረስ ሮጡ። ከመተኮሳቸው በፊት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ ይላሉ ምቀኞች። ለእኔስ የሚጸልዩ ነው የመሰለኝ። በዚህ ዘመን እግዜርን አስቀድሞ የሚተኩስ ማን አለ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እሳቸው አህያውንም ዳውላውንም አልፈሩም፤ የፈሩት የገዛ ጠመንጃቸውን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ብልህነት ነው...

ታዲያ እሑድ ዕለት ቃሲምን ዱካ እንዲያሳያቸው ይዘውት ወጡ። እሑድ የቃሲም የዕረፍት ቀን ነው። ሳላ አገኙ፣ ጸለዩ፣ ተኮሱ። ሳላው ዘለለና ሄደ። ቃሲም ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሣሩ ላይ ደም አለ፤ ፈርስ የተቀላቀለበት ደም። «ጌታዬ፣ ሆዱን ነው ያገኙት፤ እንከተለውና እንጨርሰው» አላቸው። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ። «ስቼዋለሁ፤ ደም የለም» አሉና ላንድሮቨራቸውን አስነሱ። ምን ይደረግ? ጌታ ደም የለም ካለ ደም የለም። የዋሸው ሣሩ ነው።

ማክሰኞ ደግሞ ቃሲም ሥራው ላይ ነበር። ሐዲዱን እየፈተሸ ሲሄድ ያ ሳላ ከሐዲዱ አጠገብ ግራር ሥር ተጋድሞ አገኘው። ሁለት ቀን ሙሉ ሆዱ ተበስቶ የቆየ እንስሳ። ነፍሱ ሳትወጣ ካልታረደ ሥጋው ለእነሱ ሐራም ነው፤ የሐዋ ልጆች ደግሞ ሥጋ መቼ በየቀኑ ያገኛሉ? ለእንስሳውም ዕረፍት ነበር። ቸኮለ። ቢላዋውን አወጣ፣ ቢስሚላህ አለ፣ አንገቱን ያዘ... ሳላው የቀረችውን ጉልበት አሰባስቦ ተነሣና ቀንዱን ጭኑ ውስጥ ሰካበት። የክሊኒኩ ድሬሰር እግሩ ይትረፍ አይትረፍ እስካሁን አላወቀም። ሐዋ ትናንት እርስዎ የተቀመጡባት ወንበር ላይ ሆና ስታለቅስ አንጀቴ ነው የተቃጠለው አቶ ገብረሥላሴ። ይህችን ያለ ጨዋታ ነው የምነግርዎ። ሌላው ጨዋታ ነው።

የሥራ ጓደኞቹ ደርሰው ሳላውን ጨረሱት። ቆዳውን ሲገፍፉ ከሆዱ ውስጥ ይህች ጥይት ወጣች፤ እነሱ ለሐዋ ሰጧት፣ ሐዋ ደግሞ የአዳኝ ሚስት ነበርሽ ብላ ለእኔ አመጣችልኝ። እጅዎን ይዘርጉ እስቲ... ከበደችዎ? እኔንም ከብዳኛለች። ቃሲም እንደሆነ ከቢላዋ በቀር መሣሪያ የለው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ በቅሎ እንኳ አንድ ዘመድ አላጣችም። ይህች ግን አባትም እናትም የላት! የአዋሽን ጠመንጃ ሁሉ በልቤ አየሁት፤ ምንሽር አለ፣ ቤልጅግ አለ... ይህችን የሚጎርስ አፍ ያለው ጠመንጃ በአገሩ አንድ ብቻ ነው። አጋጣሚ ነው እንግዲህ። ንጋትወርቅ ሰው ታማለች እንዳይሉኝ።

የአዳኝን ደንብ መቼም እርስዎ አያጡትም፣ የገጠር ልጅ ነዎት። ማንም ይጨርሰው ማን፣ ቀድሞ ደሙን ያፈሰሰ ነው የአውሬው ባለቤት፤ ቀንዱም የሱ፣ ፉከራውም የሱ። በዚህ ነገር ስንት ወንድማማች ተጣልቷል! ጉግሳ እንኳ አንድ ድኩላ ጥሎ ሦስት ወር ፎክሮብኛል። የሳላው ቀንድ ይኸውና ከቤቴ በር አጠገብ ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቃል። ያ ጌታ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ «ለቢሮዬ ግድግዳ የሳላ ቀንድ፣ የሳላ ቀንድ» ሲሉ የከረሙ ናቸው። ሰዎች ሄደው ቢጠይቋቸው ግን «የኔ አይደለም» አሉ። ትሕትና ይዩልኝ! ያልገደለውን የሚፎክር ሰው ሞልቷል፤ ያቆሰለውን ለሌላ የሚተው ግን በዕድሜዬ ገና አሁን አየሁ። ቀንዱን እንዳለ ለቃሲም ለቀቁለት... እስከ ጭኑ ድረስ። «ያቆሰልኩት እኔ ነኝ» ቢሉ እኮ ቃሲም አደን የወጣ መሆኑ ይቀርና በሥራው ላይ የቆሰለ አውሬ ያጋጠመው ሰው ይሆን ነበር፤ እርስዎም የሚጽፉት ሌላ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሰው ስሙ እንዲነሳ ይወዳል? አይወድም። ደግነቱን ይሰውራል።

ሊቶሪናዋ ናት የጮኸችው? ከመተሐራ በኩል መጣች ማለት ነው። ይብሉ እንጂ፣ ምሳዎ ቀዘቀዘ። ሀምዳ! ነይ ይህችን ጥይት በሰሃን አድርጊና ማዶ ላሉት እንግዳ ውሰጂላቸው። ኧረ አይደንግጡ አቶ ገብረሥላሴ፣ እሳቸውን መች አልኩ? አገር የዞሩ፣ ሰው የሚያውቁ ናቸው፤ ለባለቤቷ ያደርሱልኛል ብዬ ነው። ምነው... ቢራቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ? ሀምዳ፣ በሩ ጋ ቀንድ ስላለ ቀስ ብለው ይለፉ በያቸው። ሰው ሁሉ እያያቸው ደንግጠው እንዳይወጋቸው።

ፖስታዋን መልሰው ኪስዎ ከተቷት እንዴ? እኔ እኮ ደብዳቤዋን አይላኳት ብዬ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። የእርስዎ ነገር!

ያንን ጌታማ፣ የት እንዳሉ እግዜር ይወቅ፣ እኔ ክፉ አልመኝላቸውም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ትከሻቸውን ይጠብቅላቸው፣ ዓይናቸውን ያብራላቸው። ክፉ ቀን ለማንም አይቀርምና እሳቸውም አንድ ቀን ቆስለው ሣር ላይ ቢወድቁ ብቻቸውን አይተዋቸው... አሜን ይበሉ እንጂ አቶ ገብረሥላሴ፤ ለዚያች ቀን እግዜር ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ሰው ይዘዝላቸው።